ከ8ኛ ክፍል በኋላ ያሉት አራት ዓመታት

 

በዚህ ዓምድ ከጥያቄዎቻችሁ አንዱን እያነሣን መወያየት ልማዳችን ነው። ዛሬ የምናነሣው ጥያቄ የአንዲት እህታችን ቢሆንም ብዙዎቻችሁን የሚመለከት ነው። እንዲህ ትላለች፦ «ታናሽ እህቴ በአገር ቤት በአንድ የካቶሊክ ትምህርት ቤት 8ኛ ክፍል ገብታለች። የምከፍልላት እኔ ነኝ። በስልክ ‹ትምህርት እንዴት ነው?› ስላት ‹ደህና ነው› ብቻ ብላ ትዘጋዋለች። ለመሆኑ በዚህ ክፍል ምንድን ነው የሚማሩት? እኛ ኦርቶዶክስ ነን፤ እናቴ ሃይማኖቷን ያስቀይሯት ይሆን ብላ ትሰጋለች። ደግሞ አንዳንድ ዘመዶች ‹8ኛን ከጨረሰች ይበቃታል፣ እህቷ ጋር ትሂድና ትርዳችሁ› ማለት ጀምረዋል። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

እህቴ፣ የጠየቅሽው አንድ ጥያቄ ሳይሆን ሦስት ነው። ሦስቱንም በየተራ እንያቸው። የመጨረሻው ግን ከሁሉ የከበደ ስለሆነ እሱ ላይ ቆም እንላለን።

8ኛ ክፍል ዛሬ ምን ማለት ነው?

አንቺ በተማርሽበት ጊዜ ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያለው በሙሉ አንደኛ ደረጃ ይባል ነበር። አሁን ተለውጧል። በ2015 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው አዲስ ሥርዓተ ትምህርት ከ1ኛ እስከ 6ኛ ያለው አንደኛ ደረጃ፣ 7ኛና 8ኛ መካከለኛ ደረጃ፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ያለው ደግሞ ሁለተኛ ደረጃ ነው። እንግዲህ እህትሽ ያለችው በመካከለኛው ደረጃ መጨረሻ ላይ ነው። ወንዙን ከሚያሻግረው ድልድይ ጫፍ ደርሳለች ማለት ነው፤ ገና ግን አልተሻገረችም።

በዓመቱ መጨረሻ፣ በሰኔ ወር፣ ፈተና ይጠብቃታል። እናቶቻችንና አባቶቻችን «ሚኒስትሪ» የሚሉት ነው። ስሙ የቀረው ድሮ ፈተናውን የትምህርት ሚኒስቴር ያዘጋጀው ስለነበረ ነው። ዛሬ የሚያዘጋጁት የየክልሉና የየከተማው የትምህርት ቢሮዎች ናቸው። አንቺ ምናልባት የምታስታውሽው የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ደግሞ ከ2011 ዓ.ም. በኋላ ቀርቷል። ስለዚህ 8ኛን ያለፈች ልጅ ከፊቷ የሚጠብቃት ትልቅ ብሔራዊ ፈተና የ12ኛው ነው። መንገዱ ቀጥ ብሎ አራት ዓመት ይሄዳል ማለት ነው።

ሃይማኖቷን ያስቀይሯት ይሆን?

የእናትሽ ስጋት የእናት ስጋት ነው፤ አንንቀውም። ነገር ግን እውነቱን እንንገራት።

በአገራችን የካቶሊክ ምእመናን ቁጥር ጥቂት ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም ነበር። ትምህርት ቤቶቻቸው ግን በብዙ ቦታ የታወቁ ናቸው። አዲስ አበባ ውስጥ የልጃገረዶቹ ናዝሬት ትምህርት ቤትና የላሳል ወንድሞች ያቋቋሙት ቅዱስ ዮሴፍ አሉ፤ ወጣ ስንል ደግሞ በመቀሌ፣ በዝዋይና በዲላ የዶን ቦስኮ ትምህርት ቤቶችን እናገኛለን። በእንደነዚህ ያሉ ትምህርት ቤቶች አንድ ወንበር ላይ ኦርቶዶክስ፣ ሙስሊም፣ ፕሮቴስታንትና ካቶሊክ ልጆች አብረው ይቀመጣሉ።

ሕጉም አለ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖትና ከፖለቲካ ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ ይደነግጋል። ስለዚህ የካቶሊክ ትምህርት ቤትም ቢሆን በመደበኛው ክፍለ ጊዜ የሚያስተምረው መንግሥት ያወጣውን ሥርዓተ ትምህርት ነው። እህትሽ በሰኔ የምትፈተነው ፈተና የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዋ ከምትፈተነው ጋር አንድ ነው። ትምህርተ ክርስቶስ የሚባለው የካቶሊክ ልጆች የሃይማኖት ትምህርት ቦታው ቁምስና ነው፤ ከመደበኛው ትምህርት ተለይቶ የሚሰጥ ነው። እናትሽ አሁንም ልቧ ካላረፈ በወላጅ ቀን ሄዳ ሲስተሯን ወይም ርእሰ መምህሩን ትጠይቅ። መጠየቅ መብቷ ነው፤ እነሱም ለመመለስ የለመዱት ጥያቄ ነው።

ታዲያ ምን ይማራሉ?

አሁን ወደ ደብተሯ እንግባ። በ8ኛ ክፍል የአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ አጠቃላይ ሳይንስ፣ ኅብረተሰብ፣ የዜግነት ትምህርት፣ ኮምፒዩተር፣ ጤናና ሰውነት ማጎልመሻ፣ የክወናና የእይታ ጥበባት እንዲሁም የሙያና ቴክኒክ ትምህርት አሉ። አንቺ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ለየብቻ በየደብተራቸው ተምረሽ ይሆናል። አሁን በ7ኛና በ8ኛ ሦስቱ «አጠቃላይ ሳይንስ» ተብለው በአንድ መጽሐፍ ተጠቃልለዋል። ታሪክና ጂኦግራፊም «ኅብረተሰብ» በሚል አብረው ይሰጣሉ። ግብረ ገብ እስከ 6ኛ ክፍል ነው፤ ከ7ኛ ጀምሮ የዜግነት ትምህርት ይተካዋል።

የትምህርቱን ስም ብቻ ማወቅ ግን ብዙ አይጠቅምሽም። ሁለት ምሳሌ ልስጥሽ።

አንደኛው ከሒሳብ ነው። በዚህ ዓመት ስለ ስኩዌር ሩት፣ ስለ ፓይታጎረስ ሕግ፣ ስለ ፕሮባብሊቲና ስለ እኩልታ ይማራሉ። እኩልታ ማለት የማይታወቀውን ቁጥር «ኤክስ» ብሎ ፈልጎ ማግኘት ነው። ለምሳሌ እንዲህ ብለሽ ጠይቂያት፦ «በአራት ወር ውስጥ በየወሩ እኩል ብር ላክሁ፤ ለደብተርና ለጫማ ደግሞ 600 ብር ጨመርሁ። ጠቅላላው 8,600 ብር ሆነ። በየወሩ ስንት ነው የላክሁት?» 8ኛ ክፍል የደረሰች ልጅ 600ውን ትቀንሳለች፣ 8,000 ይቀራል፣ ለአራት ታካፍላለች፣ 2,000 ብር ትልሻለች። በደብተሯ ላይ የሚጻፈው ይኸው ነው። ልዩነቱ ይህን ስትሠሪላት የአንቺን ድካም በቁጥር ማየቷ ነው።

ሁለተኛው ከሳይንስ ነው፤ ይህ ለአንቺም ለራስሽ ይጠቅማል። በ8ኛ ክፍል ስለ አሲድና ቤዝ ይማራሉ። አንቺ በየቀኑ በእጅሽ የምትይዣቸው ናቸው። መታጠቢያ ቤት የምታጸጂበት በረኪና አለ፤ የሽንት ቤት ዝገትና የኖራ እድፍ የሚያስለቅቀው ብዙውን ጊዜ አሲድ ነው። ሁለቱን «ይበልጥ እንዲያጸዳ» ብሎ የሚቀላቅል ሰው ክሎሪን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል። በረኪናን አሞኒያ ካለበት የመስታወት ማጽጃ ጋር መቀላቀልም እንዲሁ ሌላ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። በሩና መስኮቱ በተዘጋ ጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሳንባን ይጎዳል፤ ሲብስም ሕይወት ያሳጣል። እመቤቲቱ ቀላቅዪ ብትልሽ እንኳ አትቀላቅዪ። ተቀላቅሎ ዓይንሽንና ጉሮሮሽን ካቃጠለሽ ሁሉን ትተሽ ውጪና ንጹሕ አየር አግኚ። እህትሽ ይህን በክፍል ውስጥ የምትማረው በወንበር ተቀምጣ ነው። አንቺ ግን ሥራሽ ላይ ነሽ። ከእርሷ ደብተር አንቺ ብትማሪ ነውር የለውም።

በዚሁ መጽሐፍ ውስጥ ስለ ሰውነታችን ክፍሎች የሚናገር ምዕራፍ አለ፤ መተንፈሻው፣ የደም ዝውውሩ፣ የመራቢያ አካላትም አሉበት። ልጅቷ የ14 ወይም የ15 ዓመት ልጅ ናት። በእኛ ቤት እናት ስለ ወር አበባ ለልጇ ለመናገር ታፍራለች። ስለዚህ ይህ ምዕራፍ በር ይከፍትልሻል። «የሰውነት ክፍሎችን ተማራችሁ ወይ? የልጃገረድ ነገር የምትጠይቂው ካለ እኔን ጠይቂኝ» በያት። ከማያውቁት ሰው ከምትሰማው ከታላቅ እህቷ ብትሰማው ይሻላል።

ስለ ቋንቋም አንድ ነገር ልበልሽ። አዲስ አበባን በመሰሉ ቦታዎች ሒሳብና ሳይንስ በ7ኛና በ8ኛ በእንግሊዝኛ ይሰጣሉ፤ በሌሎች ክልሎች ደግሞ እስከ 8ኛ በአፍ መፍቻ ቋንቋ የሚሰጥባቸው አሉ። 9ኛ ክፍል ሲደርሱ ግን ሁሉም በእንግሊዝኛ ይሆናል። ብዙ ጎበዝ ልጆች 9ኛ ላይ የሚደናገጡት በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ በዚህ ዓመት ከሁሉ በላይ መበርታት ያለባት በእንግሊዝኛ ነው።

በመጽሐፍ ያልተጻፈው ትምህርት

ሰው ልጁን ወደ ካቶሊክ ትምህርት ቤት የሚልከው ለመጽሐፉ ብቻ አይደለም፤ መጽሐፉማ ሌላም ቦታ አለ። ብዙ ወላጅ የሚፈልገው ሥነ ሥርዓቱን ነው። በሰዓቱ መገኘት፣ ንጹሕ የደንብ ልብስ፣ የቤት ሥራን ሠርቶ መምጣት፣ መምህርን ማክበር፣ ለተቸገረ ማካፈል። በመጨረሻው ክፍል ላይ ያሉት ደግሞ የትምህርት ቤቱ ታላላቆች ስለሆኑ ታናናሾቻቸው እነሱን ያያሉ። 8ኛ ክፍል የደረሰች ልጅ «እኔን የሚያይ አለ» የሚለውን የምትማርበት ዓመት ነው። አንቺ ይህን ትምህርት በራስሽ ሕይወት ታውቂዋለሽ። አንቺንም ከሩቅ የሚያዩሽ አሉ።

«ይበቃታል» ለሚሉ ሰዎች

እንግዲህ ወደ ከባዱ ጥያቄ ደረስን።

«8ኛ ይበቃል» የሚለው አባባል ከየት መጣ? ከሕግም የመጣ ነገር አለበት። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ወደ ውጭ የሚሄድ ሠራተኛ ቢያንስ 8ኛ ክፍል ያጠናቀቀ እንዲሆንና የሙያ ብቃት ማረጋገጫ እንዲኖረው ይጠይቅ ነበር። አዋጁ በ2013 ዓ.ም. ተሻሽሏል። በሰው አፍ ግን 8ኛ ክፍል እንደ መውጫ በር ሆኖ ቀረ። ደላላውም ይህንኑ ይዞ በየቤቱ ይዞራል።

ሰዎቹ የሚረሱት አንድ ነገር አለ፤ ዕድሜዋን ነው። ልጅቷ 8ኛን ስትጨርስ 14 ወይም 15 ዓመቷ ነው። በሕጉ ለሥራ ወደ ውጭ ለመሄድ 18 ዓመት መሙላት አለባት። እስቲ አንቺው ቁጠሪ። ከ14 እስከ 18 ስንት ዓመት ነው? አራት። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ያሉት ክፍሎችስ ስንት ናቸው? እነሱም አራት። እንግዲህ «ትምህርቷን ታቁምና ትሂድ» የሚል ሰው ከሁለት አንዱን እያለ ነው። ወይ እነዚያን ዓመታት ቤት ቁጭ ብላ ትጠብቅ ማለቱ ነው፤ ወይ ዕድሜዋ ተጨምሮ በውሸት ፓስፖርት ይውጣላት ማለቱ ነው።

የተጨመረ ዕድሜ ምን እንደሚያመጣ ከዚያ አገር ቤት ሰው ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ። በወረቀት 22፣ በእውነት 16 የሆነች ልጅ ስትታመም ሐኪሙ የሚያክማት እንደ 22 ዓመት ሴት ነው። ስትበደል ፖሊሱም ዳኛውም የሚያያት እንደ አዋቂ ነው። ለልጅ ተብሎ የተጻፈ ጥበቃ ሁሉ በአንዲት የውሸት ቁጥር ይቀርባታል። በኋላ «ልጅ ነኝ» ብትል ደግሞ ወረቀቷ ይመሰክርባታል።

አንቺ ስትሄጂ ቤተሰብሽ ተቸግሮ ነበር፤ አንቺም ያደረግሽው ለፍቅር ስትዪ ነው። ማንም አይወቅስሽም። ዛሬ ግን ያንቺ ደመወዝ ለእርሷ ሌላ መንገድ ከፍቶላታል። አንቺ የሄድሽው እርሷ እንዳትሄድ፣ ወይም አንድ ቀን ብትሄድ እንኳ በዕድሜዋ፣ በትምህርቷና በራሷ ፈቃድ እንድትሄድ ከሆነ፣ ያን ዓላማ በመንገድ መካከል አትልቀቂው።

ገንዘብ ቢያጥርስ? ያጥራል፤ እናውቃለን። የግል ትምህርት ቤት ከአቅም በላይ ከሆነ 9ኛ ክፍልን በመንግሥት ትምህርት ቤት መቀጠል ትችላለች፤ ትምህርት ቤት መለወጥ ትምህርት ማቆም አይደለም። ከዚያ በፊት ግን ትምህርት ቤቱን ጠይቁ። ለተቸገሩ ቤተሰቦች ክፍያ የሚቀንሱ አሉ፤ ያልጠየቀ ግን አያገኝም። ፈተናውን ብትወድቅስ? መድገም ውርደት አይደለም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ከዚያ ሆነሽ ምን ማድረግ ትችያለሽ?

አንደኛ፣ «ትምህርት እንዴት ነው?» የሚለውን ጥያቄ ተዪው። በእሱ ፈንታ «ዛሬ የተማርሽውን አስተምሪኝ» በያት። በኢሞም በዋትስአፕም አሥር ደቂቃ ይበቃል። የሚያስተምር ሰው ራሱ ይማራል። አንቺም የተረሳሽን ነገር ታስታውሻለሽ።

ሁለተኛ፣ የመጀመሪያው ሴሚስተር ሲያልቅ ካርዷን ፎቶ አንሥተው እንዲልኩልሽ አድርጊ። የምታይው ደረጃዋን ብቻ አይሁን፤ የቀረችባቸውን ቀናትም እዪ። ብዙ የቀረች ልጅ ቤት ውስጥ ሥራ በዝቶባት ሊሆን ይችላል። የአንቺ ብር ክፍያውን ቢሸፍንም ውኃ መቅዳቱና ልጅ መጠበቁ በእርሷ ላይ ወድቆ እንደሆነ እናትሽን በፍቅር ጠይቂ።

ሦስተኛ፣ የክፍያ ደረሰኝ ይላክልሽ። ይህ አለማመን አይደለም፤ ሥርዓት ነው። ለትምህርት የተላከ ብር ለሌላ ነገር የዋለባቸው እህቶች ብዙ ጊዜ የሚያውቁት ልጁ ከትምህርት ቤት ከቀረ በኋላ ነው።

አራተኛ፣ የክፍል ኃላፊዋን መምህር ስልክ ያዢ፤ በወር አንድ ጊዜ ሰላም በይው። ከውጭ አገር የሚደውል ታላቅ ያላት ልጅ እንደ ተረሳች አትቆጠርም።

አምስተኛ፣ ከግንቦት ጀምሮ እስከ ፈተናው ድረስ የቤተሰብ ጭቅጭቅ፣ የብር ጉዳይ፣ የአንቺም የሥራ ብሶት በእርሷ ስልክ ባይደርስ ይሻላል። ልቅሶሽን ለእኛም ለጓደኞችሽም አካፍዪ፤ እርሷን ግን ለፈተናው ተዪያት።

ስድስተኛው ለአንቺ ለራስሽ ነው። ካንቺም መካከል 8ኛ ላይ ያቆማችሁ ብዙ ናችሁ። የ8ኛ ክፍል ምስክር ወረቀትሽ ዋናው የት እንዳለ ታውቂያለሽ? በእናትሽ ሳጥን ውስጥ ከሆነ በደንብ እንዲቀመጥ ንገሪያቸው። አገርሽ ስትገቢ በማታ ትምህርት 9ኛ ክፍል ለመጀመር ያ ወረቀት ያስፈልግሻል። ትልቅ ሴት ሆኖ ከልጆች ጋር ወንበር መካፈል ያሳፍራል ብለሽ አታስቢ። የሰው አገር ቋንቋ ያለ መምህር የተማርሽ፣ የሰው ቤት የመራሽ ሴት፣ 9ኛ ክፍል አያቅትሽም።

እህቴ፣ ለዘመዶችሽ መልስ ስትሰጪ አትቆጪ። «እስከ 18 ዓመቷ የት ትቀመጥ?» ብለሽ ብቻ ጠይቂያቸው። መልሱ በእነሱው አፍ ይገኛል፤ ትምህርት ቤት ነው። እኛም ለእርሷና በዚህ ዓመት ፈተና ለሚጠብቃቸው ልጆቻችሁ፣ እህቶቻችሁና ወንድሞቻችሁ ሁሉ በጸሎት እናስባቸዋለን። ስማቸውን ጽፋችሁ ላኩልን።

እስከሚቀጥለው እትም ቸር ይግጠመን።